ስለ ጎጃም ገጠር ኑሮ በስህተት የሚወሩ ነገሮች እና እውነታው

ስለ ጎጃም ገጠር ሲወራ አንዱ ከዘመነ መሳፍንት ጀምሮ ምንም አልተቀየረም ይላል፣ ሌላው ደሞ ሁሉም ነገር ቀርቷል ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም፣ እስኪ ደጋግሜ የምሰማቸውን እንያቸው።

«ቡና ማፍላት ከጥንት የወረስነው ነው»

ቡናው የሀገራችን ነው፣ ዘጌ ደን ውስጥም ድሮ ይበቅል ነበር። ግን በክርስቲያኑ ቤት ረከቦት ቀርቦ እጣን ጨሶ ሶስተኛ ድረስ መጠጣት የተስፋፋው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው፣ ከዛ በፊት ካህናቱ የሙስሊም መጠጥ ነው እያሉ ይከለክሉ ነበር፣ በአጤ ምኒልክ ዘመን ነው ነገሩ እየላላ የመጣው። ባህር ዛፍም የገባው በሳቸው ጊዜ ነው፣ ዛሬ ሜጫ ብትሄዱ ግን ስንት የእህል ማሳ ባህር ዛፍ ሆኗል። በርበሬና በቆሎማ መነሻቸው አሜሪካ ነው።

«በንጉሱ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ሁሉ ጭሰኛ ነበር»

ይሄ የደቡቡን ታሪክ እዚህ ማምጣት ነው። ጎጃም በአብዛኛው የርስት ሀገር ነበር፣ በእናትም በአባትም ቆጥሮ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት የሚደርስ ሰው ድርሻ ይጠይቃል። ግብሩና የጉልተኛው (ከገበሬው ግብር የሚሰበስበው ባለስልጣን) ጫና አልነበረም ማለቴ አይደለም፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩ ሙስሊሙም ብዙ ጊዜ ከርስት ውጪ ነበር፣ ይሄ ግፍ ነው መነገር አለበት። ግን ርስት ምን ያህል የህይወት ጉዳይ እንደነበር ማወቅ የፈለገ የ1960ውን አመፅ ይመልከት፣ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተከትሎ መሬታችን ሊለካ ነው ርስታችን ሊሄድ ነው ብለው ሞጣ ቢቸና ዳሞት ተነሱ፣ መንግስት በአውሮፕላን ሁሉ ደብድቦ በመጨረሻ ያፈገፈገው እሱ ነው።

«በበሬ እስካረሰ ድረስ እርሻው ያው ነው»

ሞፈሩ ቀንበሩ እውነትም ያው ነው። የሚዘራው ግን ያው አይደለም፣ የበቆሎው ምርጥ ዘር በየአመቱ ይገዛል፣ ማዳበሪያ ካልገባ ደሞ ምርቱ የለም፣ ስለዚህ ገበሬው ክረምት ሳይገባ የማዳበሪያ ብር ከየት ላምጣ እያለ ነው የሚያድረው። አያቱ ሰማዩን ነበር የሚያዩት፣ እሱ ሰማዩንም ዋጋውንም ያያል።

«ወፍጮ ቤት ከመጣ የሴቷ ስራ ቀሏል»

እንደኔ የሞተር ወፍጮ ከሞባይልም ከመኪናም በላይ ኑሮ የቀየረ ነገር ነው፣ ሌሊት ተነስቶ በመጅ መፍጨትን ያየ ሰው ያውቀዋል። ግን ከዛ በኋላ ያለውስ? ውሃው፣ ማገዶው፣ ኩበቱ፣ የምጣዱ ጭስ፣ ጠላው ሁሉ ዛሬም የሷ ነው፣ ባል ቴሌብር ይልካል እሷ እንጨት ተሸክማ ትመጣለች። በሌላ በኩል የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ስሟና ፎቶዋ ከባሏ ጋር መግባቱ ትልቅ ለውጥ ነው፣ በፍቺ ጊዜ ባዶ እጇን እንዳትወጣ የምትይዘው ወረቀት አላት።

«የቆሎ ተማሪ ቀርቷል»

አልቀረም። ደብረ ኤልያስና ዲማ ሄዳችሁ እዩ፣ ቅኔ ዛሬም ይቆጠራል።

«የዛሬ ወጣት መሬት ንቆ ነው ሀገሩን ጥሎ የሚሄደው»

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። በአማራ ክልል የመጨረሻው ትልቅ የመሬት ድልድል የተደረገው በ1989 ነው፣ ከዛ በኋላ የተወለደ ልጅ ያለው ተስፋ ከናት ካባቱ የሚደርሰው ነው፣ አራት ጥማድ ለአምስት ልጅ ሲካፈል ምን ይደርሰዋል? ሰሊጥ ለማጨድ መተማና ሁመራ የሚወርደው ለዚህ ነው። ደሞ መውረዱም አዲስ አይደለም፣ በንጉሱ ጊዜም የጎጃም ሰው ሁመራ ወርዶ ያጭድ ነበር፣ ልዩነቱ የዛኔው ሰውዬ ሲመለስ የሚያርሰው መሬት ነበረው።