ላይቭ የጃዝ አልበም ምንድን ነው? ለምንስ አያረጅም?

ላይቭ የጃዝ አልበም ማለት ሙዚቀኞች ክለብ ወይም ኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ፣ በታዳሚ ፊት ሲጫወቱ የተቀዳ ሥራ ነው። ትርጉሙ ከዚህ አያልፍም። ግር የሚለው ሌላ ነገር ነው። ከስልሳና ሰባ ዓመት በፊት የተቀዳ፣ ከበስተኋላው ብርጭቆ የሚንቃጨልበት፣ ሰው የሚያወራበት፣ አንዳንዴም ዘፋኟ ግጥሙ ጠፍቷት የምትደናበርበት ቅጂ፣ የተጫወቱትም ያጨበጨቡትም አብዛኞቹ ካለፉ በኋላ፣ የሃያ ዓመት ወጣት ዛሬ ስልኩ ላይ ጭኖ ደጋግሞ የሚያዳምጠው ለምንድን ነው? ስቱዲዮ ውስጥ በጥንቃቄ የተሠሩ፣ ድምፃቸው የጠራ አልበሞች ሞልተው ሳለ? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መልሱ ከጃዝ አሠራር ይጀምራል። አንድ የጃዝ ቡድን መጀመሪያ ዋናውን ዜማ ያሰማል፤ ሙዚቀኞቹ «ሄድ» ይሉታል። ሙዚቃው ብሉዝ ከሆነ ብዙውን ጊዜ 12 ባር (ባር ምት የሚቆጠርበት የሙዚቃ መለኪያ ነው)፣ ከድሮ የብሮድዌይ (የኒውዮርክ ሙዚቃዊ ቲያትር) ዘፈኖች አንዱ ከሆነ ደግሞ 32 ባር ይሆናል። ከዚያ ዜማው ይቆምና ከሥሩ የነበረው የኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች) ቅደም ተከተል ብቻ እየዞረ ይቀጥላል። አንዱ ዙር «ኮረስ» ይባላል። ሳክስፎኒስቱ በዚያ ዙር ላይ ቀድሞ ያልተጻፈ ዜማ እዚያው እየፈጠረ ይሄዳል፣ ሲበቃው ለትራምፔቱ ይለቃል፣ ትራምፔቱም ለፒያኖው። መጨረሻ ላይ ሁሉም ወደ መነሻው ዜማ ይመለሳሉ። ማን ስንት ኮረስ እንደሚጫወት፣ የቱ ጋ እንደሚጮህና የቱ ጋ ዝም እንደሚል ግን በወረቀት አይሰፍርም። ተጫዋቹ፣ ከኋላው ያሉት ቤዝና ድራም፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰውም ጭምር እዚያው ይወስኑታል። ቅጂው ውስጥ የሚሰማው ይሄ ውሳኔ ነው፤ አድማጭ ሆኖ የተቀመጠ ሰው፣ በ1956ም ሆነ ዛሬ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አያውቅም። ተጫዋቹም አያውቅም ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ለረጅም ጊዜ ሸክላ ላይ አይገባም ነበር። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከረው የድሮው ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። በ1930ዎቹ ስቱዲዮ የሚገባ ሙዚቀኛ ክለብ ውስጥ እንደልቡ የሚያስኬደውን ሶሎ (ተራው ሲደርስ እየፈጠረ የሚጫወተውን) በአንድ ኮረስ፣ አንዳንዴም በግማሽ እንዲጨርስ ይገደድ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ፦ የቴፕ መቅጃ ተስፋፋ፣ ኮሎምቢያ የተባለው የሸክላ አሳታሚ ኩባንያም በ1948 በአንድ ገጹ ከ20 ደቂቃ በላይ የሚይዘውን፣ ኤልፒ የተባለውን ሸክላ አወጣ። ክላሪኔት ተጫዋቹና የባንድ መሪው ቤኒ ጉድማን ጃንዋሪ 16 ቀን 1938 ኒውዮርክ ካርኔጊ ሆል ውስጥ ያቀረበው ዝነኛ ኮንሰርት በዕለቱ ተቀድቷል፤ አልበም ሆኖ የወጣው ግን በ1950 ነው። ያን ያህል ርዝመት የሚያርፍበት ሸክላ ቀድሞ አልነበረማ!

የታዳሚው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት ከአሜሪካው የኒውፖርት ጃዝ ፌስቲቫል የተሻለ ምሳሌ የለም። ጁላይ 7 ቀን 1956 የባንድ መሪውና ፒያኒስቱ ዱክ ኤሊንግተን 57 ዓመቱ ነበር። የትልልቅ ባንዶች ገበያ ቀዝቅዟል፣ ወጣቱ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል አዘንብሏል፣ የእሱም ባንድ ጊዜው አልፎበታል የሚሉ ጥቂት አልነበሩም። ለዋናው ዝግጅቱ መድረክ የወጣው እኩለ ሌሊት ሲቃረብ፣ ሰው ወደየቤቱ መሄድ ሲጀምር ነው። በ1937 የጻፋቸውን ሁለት የብሉዝ ድርሰቶች አያይዞ አስጀመረ፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ደግሞ ለቴነር ሳክስፎኒስቱ ለፖል ጎንሳልቭስ ተወለት፤ እስኪበቃው ይጫወት ብሎ።

ጎንሳልቭስ 27 ኮረስ ተጫወተ። 12 ባር በ27 ሲባዛ 324 ባር ነው፤ አብረውት ያሉት ቤዝ፣ ድራምና አልፎ አልፎ ጣልቃ የሚገባው የኤሊንግተን ፒያኖ ብቻ ናቸው። ቅጂውን ሲሰሙት መጀመሪያ ላይ የተለየ ነገር የለም። ሰውየው አይጮህም፣ ጣቶቹን አያሳይም፤ አጫጭር ሐረጎችን እያነሳ፣ እየደገመ፣ ትንሽ እየለወጠ ይሄዳል። ከዚያ ከሩቅ አንድ ድምፅ ይነሳል። አንዲት ሴት ከመቀመጫዋ ተነስታ መደነስ ጀምራለች። መድረኩ ሥር የካውንት ቤሲ ባንድ የቀድሞ ድራመር ጆ ጆንስ በተጠቀለለ ጋዜጣ ምቱን እየመታ ባንዱን ያበረታታል። ጩኸቱ በየኮረሱ ከፍ ይላል፣ ሳክስፎኑ ከጩኸቱ ጉልበት ይወስዳል፣ ጩኸቱም ከሳክስፎኑ። መጨረሻ አካባቢ የትኛው የትኛውን እንደሚመራ መለየት ያስቸግራል። የዝግጅቱ ኃላፊዎች ሕዝቡ ከቁጥጥር ውጭ ይወጣል ብለው ሰግተው እንዲያቆም ምልክት ቢሰጡትም ኤሊንግተን ቀጠለ። በቀጣዩ ወር የታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ።

እዚህ ላይ ብዙ የጃዝ ወዳጅ የማይስማማበትን ልናገር። የጎንሳልቭስ ሶሎ ኖታው ብቻ ተገልብጦ ወረቀት ላይ ቢቀመጥ ከታላላቆቹ ሶሎዎች ተርታ አይገባም ባይ ነኝ። ያንኑ ኖታ ባዶ ስቱዲዮ ውስጥ የተጫወተ ሰው በአሥረኛው ኮረስ ላይ ይበቃሃል ይባል ነበር። ታላቅ ያደረገው እየተፈጠረ ሳለ የተሰጠው ምላሽ ነው፤ ያ ምላሽ ደግሞ ከሶሎው ተነጥሎ ሊወጣ በማይችል መንገድ ቅጂው ውስጥ ገብቷል። ዛሬ የሚያዳምጠው ሰው ሙዚቃውን ብቻ አይሰማም፤ ሙዚቃው ሰው ላይ ሲሠራ ይሰማል።

ደግሞ የዋህ መሆን አያስፈልግም። በ1956 የወጣው ያ አልበም አብዛኛው ክፍሉ ከኮንሰርቱ ሁለት ቀን በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ እንደገና ተቀድቶ ጭብጨባ የተጨመረበት ነበር። የጎንሳልቭስ ሶሎ የእውነት የዚያን ሌሊት ነው፤ ሆኖም ሰውየው የቆመው ከኮሎምቢያ ማይክራፎን ሳይሆን ከአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ ማይክራፎን ፊት ስለነበር ድምፁ ሩቅ ሆኖ ቀረ። የሬዲዮው ቴፕ ተገኝቶ ከኮሎምቢያው ጋር ተዋህዶ የወጣው በ1999 ነው። ሜይ 15 ቀን 1953 ቶሮንቶ፣ ማሲ ሆል ውስጥ ቻርሊ ፓርከር፣ ዲዚ ጊሌስፒ፣ በድ ፓወል፣ ቻርልስ ሚንገስና ማክስ ሮች አንድ መድረክ ላይ የተገናኙበት ኮንሰርትም እንዲሁ ነው፤ ሚንገስ ቤዙ አልተሰማም ብሎ በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ ድምፁን ደርቦበታል። ስለዚህ ሽፋኑ ላይ «ላይቭ» የሚል ስላለ ብቻ ሁሉም የተሰማው በዚያች ሰዓት የሆነ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ከኒውፖርት ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው ቅጂ ታዳሚው ምንም ያልጮኸበት ነው። ቪሌጅ ቫንጋርድ የሚባለው የኒውዮርክ ክለብ ከ1935 ጀምሮ ያለ፣ ምድር ቤት ውስጥ ያለ፣ ወደ አንድ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ክፍል ነው፤ የሚይዘው 123 ሰው ነው። እሑድ ጁን 25 ቀን 1961 ፒያኒስቱ ቢል ኤቫንስ፣ ቤዝ ተጫዋቹ ስኮት ላፋሮና ድራመሩ ፖል ሞሺያን ከቀትር በኋላና ምሽቱን አምስት ጊዜ ወጥተው ተጫወቱ። የመጀመሪያው ሙዚቃ መሀል ላይ መብራት ተቋርጦ ቴፑ ላይ ክፍተት ፈጥሯል። ሰው እየበላና እየጠጣ ነው፤ ሳቅ አለ፣ ብርጭቆ አለ፣ በየሙዚቃው መጨረሻ ላይ የሚሰማው ጭብጨባ ደግሞ ከልብ ይሁን ከይሉኝታ መለየት ያዳግታል።

ይህን ቅጂ ለማድነቅ ጆሮን ቤዙ ላይ ማሳረፍ ነው። ከዚያ በፊት የቤዝ ዋና ሥራ በየባሩ አራት ምት እየረገጠ መሠረቱን መጠበቅ ነበር። ላፋሮ ይህን ይተዋል። ፒያኖው አንድ ሐረግ ሲጥል ከፍ ካለው የቤዙ ክፍል መልስ ይሰጣል፣ ኤቫንስ ዝም ሲል ቦታውን ይሞላል፣ አንዳንዴም ሁለቱም ትተውት ምቱ የት እንዳለ የሚያውቀው ሞሺያን ብቻ የሆነ ይመስላል። ሦስት ሰው እኩል የሚያወራበት ጨዋታ ነው፤ አጃቢና ታጃቢ የለበትም። ከዚያ እሑድ 11 ቀን በኋላ ላፋሮ በመኪና አደጋ ሞተ። 25 ዓመቱ ነበር። ኤቫንስ ለወራት ከመድረክ ራቀ። የቡድኑ ምርጥ ጨዋታ በዚያች ቀን ባይቀዳ ኖሮ ዛሬ የሚታወቀው ጥቂት የስቱዲዮ ሥራ ብቻ ይሆን ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጡ የፒያኖ ትሪዮዎች እንዲህ መጫወትን የተማሩት ግን በአብዛኛው ከዚህ ቅጂ ነው።

ስህተትም የራሱ ቦታ አለው። ኤላ ፊትዝጄራልድ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1960 ምዕራብ በርሊን ውስጥ «ማክ ዘ ናይፍ»ን እየዘፈነች ግጥሙ ጠፋባት። አላቆመችም፣ ይቅርታም አልጠየቀችም። ግጥሙ እንደጠፋባት የሚናገር ግጥም በዚያው ዜማ እየገጠመች፣ የሉዊ አርምስትሮንግን ሻካራ ድምፅ እያስመሰለች እስከ መጨረሻው ወሰደችው። ያ ቅጂ ግራሚ የተባለውን የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት አስገኘላት። ስቱዲዮ ቢሆን «ከላይ እንጀምር» ተብሎ ይጣል ነበር። የፒያኒስቱ የኪዝ ጃሬት የኮሎኝ (ጀርመን) ኮንሰርትም (ጃንዋሪ 24 ቀን 1975) የተበላሸ ምሽት ውጤት ነው። የቀረበለት የታዘዘው ፒያኖ ሳይሆን ትንሽ፣ የላይኛው ድምፁ ቀጭን፣ የታችኛው ደካማ የሆነ ነበር። ዝግጅቱን ያሰናዳችው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ልጅ ለምና ነው መድረክ ላይ ያወጣችው። እሱም ከመካከለኛዎቹ ቁልፎች ብዙ ሳይርቅ፣ በግራ እጁ ተመሳሳይ ነገር እየደጋገመ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጫወተ፤ አልበሙም በሚሊዮኖች ተሸጠ። ጃዝ አልወድም የሚሉ ሰዎች ቤት እንኳ የሚገኝ አልበም ነው።

ትውልድ የሚሻገርበት ሌላው መንገድ ያን ያህል የፍቅር ጉዳይ አይደለም፤ የትምህርት ጉዳይ ነው። ጃዝ የሚማር ሰው ሶሎ በጆሮ ያወጣል፤ አንድን ኮረስ መቶ ጊዜ እያስደገመ በመሣሪያው እስኪመልሰው ድረስ። በኤልፒ ዘመን የነበሩት ሸክላውን በግማሽ ፍጥነት ያጫውቱት ነበር፤ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ወርዶ፣ ቀርፋፋ ሆኖ ይሰማቸዋል፣ የተጣደፉትን ኖታዎች አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ዛሬ ይህን የሚያደርግ መተግበሪያ ስልክ ላይ አለ፣ ድምፁንም ሳያወርድ። ለዚህ ሥራ የላይቭ ቅጂ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ያው ቡድን ያንኑ ሙዚቃ ትናንትና ዛሬ እንዴት አድርጎ እንደተጫወተው ማወዳደር ይቻላል። የትራምፔት ተጫዋቹ የማይልስ ዴቪስ ቡድን በዲሴምበር 1965 ቺካጎ፣ ፕላግድ ኒክል ክለብ ውስጥ የተጫወተው በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ነው። ድራመሩ ቶኒ ዊሊያምስ ከሌሎቹ ወጣቶች ጋር ተማክሮ «የሚጠበቀውን ሁሉ አንጫወት» ብሎ ነበር፤ ዴቪስ ስለ ስምምነቱ አልተነገረውም። አለቃቸው መድረክ ላይ ሆኖ ከእግሩ ሥር ምንጣፉ ሲንቀሳቀስ፣ እሱም ሳይወድቅ መንገድ ሲፈልግ ይሰማል።

ሁሉም አሮጌ ቅጂ ወርቅ ነው ማለት ግን አይደለም። በየክለቡ በየምሽቱ ከተጫወተው የተቀዳው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ ከተቀዳው የታተመው፣ ከታተመውም ዛሬ የሚነሳው ከዚያ ያነሰ ነው። «የድሮ ሰዎች እንዴት ይጫወቱ ነበር» ብለን የምንገረመው የተበጠረውን ይዘን ነው። አሰልቺ የ1950ዎቹ ምሽቶችም ነበሩ፤ ለመርሳት አልዘገየንም። ጀማሪ አድማጭም ዝነኛ ስለሆነ ብቻ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ሶሎ ላይ ራሱን ማስጨነቅ የለበትም። በኤላ ቢጀምር ይቀለዋል፤ ቀጥሎ ኒውፖርት፤ ቫንጋርድን ግን ሰው ሲተኛ፣ በጆሮ ማዳመጫ።

መዝገቡም አልተዘጋም። ፒያኒስቱ ቴሎኒየስ መንክና ሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬን ኖቬምበር 29 ቀን 1957 ካርኔጊ ሆል አብረው የተጫወቱበት ቴፕ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተገኘው በ2005 ነው፤ ከዚያ በፊት የሁለቱ ጥምረት በወሬ ይታወቅ ነበር እንጂ በቅጂ የቀረው ጥቂት ነበር። ኮልትሬን ኦክቶበር 2 ቀን 1965 ሲያትል ውስጥ ትልቁን ሥራውን «ኤ ላቭ ሱፕሪም»ን ሙሉ በሙሉ ሲጫወት ጓደኛው ሳክስፎኒስት ጆ ብራዚል ቀድቶ ቤቱ አስቀመጠው። ብራዚል በ2008 ሞተ፤ ቴፑ የወጣው በ2021 ነው። በዚያ ዓመት አልበሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት የሰባ ዓመት አዛውንትና የሃያ ዓመት ተማሪ እኩል ጀማሪዎች ነበሩ።