የቆዳ ጫማ የሶል ጠርዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጥሩ የቆዳ ጫማ ያለው ሰው ጫማውን ሲያስጠርግ ዓይኑ የሚያርፈው በላይኛው ቆዳ ላይ ነው፤ የሊስትሮውም ብሩሽ የሚመላለሰው እዚያው ነው። ሶሉን ዙሪያውን የሚከበው፣ ከትንሽ ጣት ስፋት የማይበልጠው ጠርዝ ግን ከዓመት ዓመት ማንም ሳያየው ይቆያል። ይሁን እንጂ ላዩ እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጭ ጫማ ጠርዙ ነጥቶና ሻክሮ ከሆነ ያረጀ ጫማ መስሎ ይታያል፤ ብዙ ዓመት የተደረገ ጫማ ደግሞ ጠርዙ ሲስተካከል ከሱቅ የወጣ ያህል ይታደሳል። ስለ ሶል ጠርዝ ሲነገሩ የምሰማቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ይመስለኛል፦ ጠርዙን ቀለም እንደሚቀባ ግድግዳ ማየት። የቆዳ ሶል ጠርዝ በቢላ የተቆረጠ የቆዳ አፍ ነው፤ የሚያስፈልገውም ያ አፍ እንዲዘጋ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

«ጠርዙ ለዓይን ብቻ ነው፤ ቢሻክርም ጫማውን አይጎዳውም»

የሶል ቆዳና የላይኛው የጫማ ቆዳ አለፋፋቸው የተለያየ ነው። የላይኛው አብዛኛውን ጊዜ በክሮም ጨው በአጭር ጊዜ የሚለፋ ሲሆን፣ የሶሉ ግን ከዛፍ ቅርፊትና ከመሳሰሉት ዕፀዋት በሚወጣ ጣኒን ቀስ ተብሎ የሚለፋ ወፍራም የከብት ቆዳ ነው። በእንግሊዝ አገር በጥንቱ ዘዴ፣ በጉድጓድ ውስጥ በኦክ ዛፍ ቅርፊት የሚለፋ የሶል ቆዳ እስኪደርስ አንድ ዓመት ያህል ይወስዳል። እንዲህ ተለፍቶበት የጠነከረ ቆዳ እንኳ በተቆረጠበት በኩል ደካማ ነው። በገጹ ላይ ጥቅጥቅ ብለው የተሸመኑት የቆዳው ቃጫዎች በጠርዙ በኩል ጫፋቸው ተቆርጦ ክፍት ስለሚቀር፣ የሸምበቆ አፍ ውሃ እንደሚቀበል ሁሉ እርጥበትን ወደ ውስጥ ይስባሉ።

ከዚያ የሚከተለው ጉዳት ቀስ በቀስ የሚመጣ ነው። ውሃ የገባበት ቆዳ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይህ ሲደጋገም የተደራረቡት የሶል ንጣፎች እርስ በርሳቸው መላቀቅ ይጀምራሉ። በስፌት የተሠራ ጫማ ከሆነ ላዩን ከሶሉ ጋር የሚያያይዘው ክር የሚያልፈው ከጠርዙ ጥቂት ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ነው። ይህ በማሽን የሚሰፋው አሠራር፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በአሜሪካ የተስፋፋውና ዛሬም ጉድይር ዌልት እየተባለ የሚጠራው፣ ሶሉ ሲያልቅ ተፈትቶ በሌላ እንዲተካ ያስችላል። ክሩ በእርጥበት ከበሰበሰ ግን ጫማው ሶል ሊቀየርለት ቀርቶ የነበረውንም መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ የጠርዙ ሰምና ቀለም ከውበቱ በፊት መከላከያ ነው።

«የጫማ ቀለም ጠርዙንም ይጠግናል»

ለላይኛው ቆዳ የሚሆነው ለስላሳ ክሬም የተዘጋጀው ለተዘጋ ገጽ ነው። በሻከረ ጠርዝ ላይ ሲቀባ በቃጫዎቹ መካከል ገብቶ ይጠፋል፤ በማግሥቱ ጠርዙ እንደገና ግራጫ ይሆናል፣ ያልሰረገውም የሱሪውን እግር ያጠቁራል። ለጠርዝ ተብሎ የሚሸጠው ቀለም መልኩ ጠቆር ያለና ሲደርቅ የሚጠነክር ሰም ወይም ሙጫ ያለበት ነው። በቆርቆሮ የሚሸጠው ጠንካራ የሰም ቀለም ግን አስቀድሞ በተስተካከለ ጠርዝ ላይ፣ በየጊዜው ስስ አድርጎ ለማደሻ ጥሩ ነው። በጥቁር ማርከር ማጥቆርም የተለመደ ነው፤ ማርከር ቀለም ይሰጣል እንጂ አፉን አይዘጋም፣ ብዙ ጊዜም እየቆየ ወደ ወይን ጠጅነት ይለወጣል።

«ቅባት ወይም ቫዝሊን ጠርዙን ያለሰልሰዋል፣ ዕድሜውንም ያረዝመዋል»

የላይኛው ቆዳ በየእርምጃው ስለሚታጠፍ መጠነኛ ቅባት ይፈልጋል። ሶል ግን ጥንካሬውን ይፈልጋል። በጠርዙ በኩል የገባ ዘይት ወይም ቫዝሊን ቆዳውን ያላሽቀዋል፣ ንጣፎቹን የያዘውን ማስቲሽ ያዳክማል፣ በኋላ የሚቀባውን ቀለምም አላስይዝ ይላል። በዘይት የራሰ ጠርዝ ከዘይቱ ማላቀቅ ከሻከረው ጠርዝ ይልቅ እጅግ አድካሚ ነው፤ ይህን በራሴ ጫማ ላይ አይቻለሁ፤ አጥፊውም እኔው ነበርኩ።

«ብርጭቆ ወረቀት ከነካው ጫማው አለቀለት»

ከሁሉም የምከራከርበት ስሕተት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሰዎች ዋናውን ሥራ ትተው በሻከረው ላይ ቀለም እንዲደርቡ የሚያደርጋቸው ይህ ፍርሃት ነው። ጠርዙ በፋብሪካ ሲሠራም ተሞርዶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ከዚያ ነው ቀለም የነካው። በልክ ሲፋቅ የሚወጣው የቆዳ መጠን ከአንድ ሚሊ ሜትር በጣም ያነሰ ነው። ገደቡን የሚነግረን ስፌቱ ነው፦ ከጠርዙ እስከ ክሩ ያለው ርቀት በቂ እስከሆነ ድረስ መፋቅ አያስፈራም፤ ክሩ ጠርዙን ሊነካ የተቃረበ ከሆነ ግን ያ ጫማ ብዙ ጊዜ የተፋቀ ነውና ወረቀቱን መመለስ ይገባል።

በቅርቡ ያስተካከልሁትን አንድ ጥቁር ባለ ማሰሪያ ጫማ ልግለጽ። የቀኙ ጫማ በጣቶቹ በኩል ከሲሚንቶ ደረጃ ጋር ተጋጭቶ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ላይ ቀለሙ ተገፎ፣ ቆዳው እንደ ተበጠሰ ገመድ ጫፍ ተፈልፍሎ ነበር። በመጀመሪያ ጭቃውንና አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አራገፍሁ፤ ላዩ እንዳይጫር ጠርዙ ከላይኛው ቆዳ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የወረቀት ፕላስተር ዙሪያውን ለጠፍሁ። ብቅ ብለው የቆሙትን ረጃጅም ቃጫዎች በስለታም ምላጭ ቆረጥሁ፤ መጎተት አይገባም፣ ቃጫው ከውስጥ ይዞ የሚመጣው ሌላ ቃጫ አለና። ከዚያ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ አንዴ አበስሁና ትንሽ እንጨት ላይ በተጠቀለለ 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ከተረከዙ ወደ ጣት በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ በረጅሙ ፋቅሁ። ወረቀቱን በጣት ብቻ መያዝ ጠርዙን ያጎደጉደዋል፤ የተጎዳውን ቦታ ብቻ ነጥሎ መፋቅም እንዲሁ ጎድጓዳ ስለሚተው፣ ከግራም ከቀኝም እያራዘሙ ማመሳሰል ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ይበልጥ ልም የሆነው 220፣ በመጨረሻም ከሁሉ ልም የሆነው 400 ቁጥር። በየመካከሉ ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ መዳበስ ቃጫዎቹን እንደገና ስለሚያስነሣቸው፣ የሚቀጥለው ወረቀት እነዚያኑ ያጭዳቸዋል። በ400 ሲያበቃ ጠርዙ ቀለም ሳይነካው በጣት ሲዳበስ እንደ ተላገ እንጨት ልሙጥ ሆነ፤ ፈዘዝ ያለው የቆዳው ቡና ዓይነት መልክም ወጣ፣ ንጣፎቹም አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። እዚህ ሳይደረስ የሚቀባ ቀለም ሁሉ ልፋቱ ከንቱ ነው።

«ቀለሙ በወፈረ ቁጥር የተሻለ ይሸፍናል»

የወፈረ ቀለም ይሰነጠቃል። ሶሉ በጣቶቹ ሥር በየእርምጃው ስለሚታጠፍ፣ ከቆዳው ጋር ያልተዋሐደ ወፍራም ንብርብር መጀመሪያ እዚያ ላይ ይሰነጠቅና እንደ ቅርፊት ይነሣል። በቀጭን ብሩሽ ወይም በጨርቅ ቁራጭ በስሱ ተቀብቶ፣ እስኪደርቅ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተጠብቆ፣ አንድ ጊዜ መድገም ይበቃል። የቀድሞው ባለቤት ወይም ጠጋኝ ደራርቦ የቀባበት ጫማ ከሆነ አሮጌው ቀለም አሴቶን በሚባለው ቀለም አሟሚ ፈሳሽ በራሰ ጨርቅ ይነሣል፤ ነገር ግን አሴቶን የላይኛውን ቆዳ መልክ ስለሚገፍና ማስቲሽንም ስለሚያሟሟ፣ ጨርቁ ተጨምቆ፣ በጠርዙ ላይ ብቻ፣ መስኮት ተከፍቶ ሊሠራ ይገባል።

«ቆዳ ሙቀት ጠላቱ ነው» እና «የራሰ ጫማ ፀሐይ ላይ ይሰጣ»

እነዚህ ሁለቱ የሚቃረኑ ቢመስሉም ስሕተታቸው አንድ ነው፦ እርጥብ ቆዳንና ደረቅ ቆዳን አለመለየት።

በዕፀዋት የለፋ ቆዳ ርሶ ሳለ ከ70 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ መልሶ በማይስተካከል ሁኔታ ይኮማተራል። ከዚያ በታች በሆነ ሙቀት እንኳ፣ ለምሳሌ በከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም በቀትር ፀሐይ፣ ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ስለሚደርቅ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል፣ ሶሉም ይጎብጣል። በሐምሌና በነሐሴ የአዲስ አበባ ጭቃ ውስጥ የዋለ ጫማ ጭቃው ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ውስጡ ጋዜጣ ተጠቅጥቆ፣ ሶሉ ነፋስ እንዲያገኘው በጎኑ ተጋድሞ፣ በጥላ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ሊቆይ ይገባዋል። ውሃ በሳሙና አድርጎ ጠርዙን በብሩሽ መፈተግም፣ ንጽሕና ቢመስልም፣ በተከፈተው አፍ ውሃ ማጠጣት ነው፤ ጫማ በሚያስጠርጉበት ጊዜ ጠርዙ በጨርቅ ብቻ እንዲታበስ ቢጠይቁ ሊስትሮው ቅር አይለውም።

ደረቅ ጠርዝ ላይ ለአፍታ የሚያልፍ ሞቅ ያለ ብረት ግን የሥራው ዋና ምሥጢር ነው። ጫማ ሰፊዎች በጠርዙ ልክ የተቀረጸ ብረት አሙቀው ሰሙን የሚያሰርጉት ለዚህ ነው። የንብ ሰም በ62 እና በ64 ዲግሪ መካከል ይቀልጣል፤ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ የሚባለው ሰም ደግሞ ከ82 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ የበለጠ ጠንካራ ነው፤ ጥሩ የጠርዝ ሰም ሁለቱን ቀላቅሎ የያዘ ነው። በቤት ውስጥ ግን ለጧፍ የሚሆነው ንጹሕ የንብ ሰም ያገለግላል። ከላይ በጠቀስሁት ጫማ ያደረግሁት ይህን ነው፦ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ሰሙን እንደ ጠመኔ በጠርዙ ላይ አሻሸሁት፣ የማንኪያ ጀርባ በሙቅ ውሃ አሙቄና አድርቄ ተጭኜ አንሸራተትሁበት፣ ከዚያም በለሰለሰ የበሬ ቀንድ ቁራጭ ደጋግሜ ፈተግሁት። ፍትጊያው ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፤ ግፊቱ የቆሙትን ቃጫዎች ያስተኛቸዋል፣ ሰሙም አስተኝቶ ያጣብቃቸዋል። ከሃያ ምልልስ በኋላ ፈዛዛው ጥቁር ወደ ጥልቅ ብርሃን ሲለወጥ በዓይን ይታያል። ብረት የሚጠቀም ሰው መጀመሪያ በቁራጭ ቆዳ ላይ ይሞክረው፤ የተቃጠለ ጠጉር ዓይነት ሽታ ከመጣ ብረቱ ከልክ በላይ ግሏል።

«የቆዳ ጫማ ሁሉ ሶሉ ቆዳ ነው»

ገበያ ላይ ካሉት ጫማዎች ብዙዎቹ ላያቸው ቆዳ ሆኖ ሶላቸው ጎማ ወይም ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ላይ የቆዳ ንጣፍ የሚያስመስል መስመር ታትሞባቸዋል፣ ታኳቸውም ፕላስቲክ ሆኖ ቆዳ መሳይ ወረቀት ተጠቅልሎበታል። እንዲህ ያለውን በብርጭቆ ወረቀት የነካ ሰው ቆዳ መሳዩን ወረቀት ገፍፎ ፕላስቲኩን ያወጣዋል፣ መመለሻም የለውም። መለያው ቀላል ነው፦ ቀለሙ በለቀቀበት ስፍራ አንዲት ጠብታ ውሃ ማሳረፍ፤ ቆዳ ከሆነ ውሃውን ጠጥቶ ይጠቁራል፣ ጎማ ከሆነ ጠብታው ባለበት ይቀመጣል። ጎማ በውሃና በትንሽ ሳሙና ይታጠባል፣ ይበቃዋል። ፖሊዩሬቴን ደግሞ ከአየር እርጥበት ጋር እየተዋሐደ በዓመታት ውስጥ ስለሚፈረፈር፣ ሳይጫሙት በካርቶን ውስጥ የቆየ ጫማ በመጀመሪያው ቀን ሶሉ ቢበታተን በጠርዝ እንክብካቤ የሚድን ነገር አልነበረም።

«የተላቀቀ ጠርዝ በቀለምና በሰም ይሸፈናል»

ይሸፈናል፤ ለአንድ ሳምንት። በንጣፎቹ መካከል ስንጥቅ መኖሩን ለማወቅ ጫማውን በጣቶቹ በኩል ትንሽ አጥፎ የወረቀት ጥግ ማስገባት ነው። ወረቀቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ካልገባ ቀደም ብዬ የገለጽሁት ሥራ ይዘጋዋል። ገባ ካለ ስንጥቁ ይጠረግና በሁለቱም ገጾች ላይ ማስቲሽ በስሱ ተቀብቶ፣ እጅ ላይ የማይለጠፍ እስኪሆን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ተጠብቆ፣ በኃይል ይጣበቃል፤ ወዲያው ቀብተው ወዲያው የሚያጣብቁት ማስቲሽ አይዝም። ወረቀቱ እስከ ስፌቱ ከደረሰ ወይም ክሩ ተበጥሶ ከታየ ግን ጫማውን ወስፌና ሰም የተቀባ ክር ወደያዘ ጫማ ሰፊ መውሰድ ይገባል። ጠርዙ የሚፋቀውና የሚቀባው እሱ ከሰፋው በኋላ፣ ማስቲሹ አንድ ሌሊት ካደረ ወዲያ ነው፤ አለዚያ የብርጭቆ ወረቀቱ ብናኝ ገና ባልደረቀው ማስቲሽ ውስጥ ይገባና ስንጥቁን ከፍቶ ያስቀረዋል።