የባክቴሪያ ሴል ውስጣዊ ክፍሎችና ሥራቸው

ባክቴሪያ ኒውክለስ፣ ማለትም ዲኤንኤ የሚቀመጥበት በሽፋን የተከለለ ክፍል፣ የለውም። ኃይል የሚያመነጨው ክፍል፣ ማይቶኮንድሪያም፣ የለውም። በዚህ የተነሳ ለረጅም ጊዜ ውስጡ ዝም ብሎ የተደበላለቀ ፈሳሽ ይመስል ነበር። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል።

ከዲኤንኤው እንጀምር። ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ርዝመቱ 2 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ዲኤንኤው ተዘርግቶ ቢለካ ግን 1.5 ሚሊሜትር ይደርሳል። የሴሉን 700 እጥፍ ያህል ማለት ነው! ታዲያ እንዴት ገባ? እንደ ፈትል በራሱ ላይ እየከረረ ነው። የሚያከረው ጋይሬዝ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ ሌሎች ፕሮቲኖች ደግሞ አጣጥፈው ይይዙታል። ይህ የታጨቀበት ስፍራ ኒውክሊዮይድ ይባላል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው መድኃኒት የሚያነጣጥረው ጋይሬዝ ላይ ነው። ከዋናው ዲኤንኤ ውጭ ፕላዝሚድ የሚባሉ ትንንሽ ቀለበቶችም አሉ። መድኃኒትን የመቋቋም ችሎታ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚዛመተው ብዙ ጊዜ በነሱ ነው።

ኒውክሊዮይዱ በሽፋን አልተከለለም። ይህ ለባክቴሪያው ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ነው። የዲኤንኤው ቅጂ የሆነው መልእክተኛው አርኤንኤ ተቀድቶ ሳያልቅ የፕሮቲን መሥሪያው ራይቦዞም ይይዘውና ወዲያው ፕሮቲን መሥራት ይጀምራል። የባክቴሪያ ራይቦዞም 70ኤስ ሲሆን፣ 50ኤስ እና 30ኤስ የተባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት። ድምሩ ለምን 80 አልሆነም? ቁጥሩ የሚለካው በሴንትሪፊዩጅ ውስጥ የመዝቀጥን ፍጥነት እንጂ ክብደትን ስላልሆነ ነው። ከባክቴሪያ መድኃኒቶች ቴትራሳይክሊን 30ኤሱን፣ ኤሪትሮማይሲን 50ኤሱን ይይዛሉ።

የሴሉን ቅርጽና ክፍፍል የሚመሩ ፕሮቲኖችም አሉ። ኤፍቲኤስዜድ መሃል ላይ ቀለበት ሠርቶ ሴሉ የት ጋ ለሁለት እንደሚከፈል ያመለክታል።

አንዳንዱ ባክቴሪያ ስንቁን በእንክብል መልክ ያስቀምጣል፦ ግላይኮጅን፣ ፎስፌት፣ ድኝ። ለኔ ከሁሉም የሚገርመው ግን ማግኔቶዞም ነው። ሪቻርድ ብሌክሞር በ1975 እ.ኤ.አ. ማግኔት ተከትለው የሚዋኙ ባክቴሪያዎችን ይፋ አደረገ። ውስጣቸው በሽፋን የተጠቀለሉ የማግኔታይት ቅንጣቶች ተሰልፈዋል። ሰልፉ እንዳይፈርስ ማምኬ የተባለ የፕሮቲን ክር ይዞታል። ባክቴሪያው በዚህ እየተመራ ወደ ታች፣ ኦክስጅን ወደሚያንስበት ጭቃ ይወርዳል።

ባሲለስና ክሎስትሪዲየም የተባሉ ባክቴሪያዎች ሲቸግራቸው ውስጣቸው ኢንዶስፖር የተባለ ጠንካራ የመቆያ አካል ይሠራሉ። ውኃ ማፍላት ብዙ ጊዜ አይበግረውም። ለዚህ ነው የሕክምና ዕቃ አውቶክሌቭ በተባለ የእንፋሎት ማሽን፣ በግፊት፣ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ ያህል የሚቀቀለው።

የቆዩ መማሪያ መጻሕፍት ሜሶዞም የሚባል ክፍልም ይሥላሉ። እሱን እርሱት። ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ናሙና ሲዘጋጅ ኬሚካሉ ራሱ የፈጠረው መጨማደድ ሆኖ ተገኝቷል።

በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቲዮማርጋሪታ ማግኒፊካ የተባለች ባክቴሪያ ይፋ ሆነች። ርዝመቷ 1 ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ በዓይን ትታያለች። ዲኤንኤዋና ራይቦዞሞቿም በሽፋን በተከለሉ ትንንሽ ክፍሎች ውስጥ ተቀምጠዋል።