«ማንም አላየም» የምትሉኝ፦ ስለ ግሩነቫልድ ባቡር ጣቢያ

በርሊን ውስጥ ሰው ማስጎብኘት እንጀራዬ ነው። ናዚዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የበርሊንን አይሁዶች በባቡር እየጫኑ ለሞት የላኩበት፣ ከከተማው በስተምዕራብ ያለው ግሩነቫልድ ባቡር ጣቢያ ስንደርስ የምሰማው ወሬ ግን ዘንድሮም ያው ነው። እስኪ ልናገረውና ይውጣልኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ጣቢያውን የሠሩት ናዚዎች ናቸው።» ኧረ በፍጹም። የተከፈተው በ1879 ነው፤ ያኔ ስሙም ሁንደኬለ ነበር። የቤተ መንግሥት በር የሚመስለው ሕንፃ የ1899 ሥራ ነው።

«አሁን ሙዚየም ሆኗል።» አልሆነም። ኤስ 7 የተባለው የከተማ ባቡር ዛሬም ይቆምበታል፣ ሰው ሥራ ይሄድበታል። መታሰቢያው ጎኑ ላይ ያለው ሐዲድ 17 ነው፤ በ1998 ተመረቀ።

«ሁሉንም የወሰዷቸው አውሽቪትስ፣ የናዚዎች መግደያ ካምፕ ነው።» የመጀመሪያው ባቡር ኦክቶበር 18 ቀን 1941 ሲነሳ መድረሻው ፖላንድ፣ ሎድዝ ነበር። ሚንስክ፣ ካውናስ፣ ተሬዘንሽታት የሄዱም አሉ። ኖቬምበር 27 ከ1000 በላይ ሰው ጭኖ ወደ ሪጋ፣ ላትቪያ የወጣ ባቡር ነበር። ኖቬምበር 30 ጠዋት እዚያው አጠገብ ሩምቡላ ጫካ ውስጥ ረሸኗቸው። ካምፕ የሚባል ነገር እንኳ አላዩም።

«የበርሊን አይሁዶች በሙሉ የተጫኑት እዚህ ነው።» ከ30,000 በላይ የሚሆኑት የተጫኑት ሞአቢት በሚባለው የበርሊን ሰፈር ከነበረው የዕቃ ባቡር ጣቢያ ነው። ዛሬ አካባቢው ሱፐርማርኬትና የግንባታ ዕቃ መሸጫ ነው። መታሰቢያ የቆመለት በ2017 ነው። ለፎቶ አያምርምና አሳዩን የሚለኝ የለም።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። «በድብቅ ነው እኮ የተደረገው፤ ሕዝቡ ምን ያውቃል?»

የምን ድብቅ! የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ያጎሯቸው ሞአቢት፣ ሌቬትሶቭ ጎዳና ላይ በነበረው ምኩራብ ነው። ከዚያ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከተማውን አቋርጠው፣ በሰልፍ በእግራቸው አስኬዷቸው። ሕፃናትና በሽተኞች በካሚዮን ሄዱ። መጀመሪያ ላይ የተጫኑትም በከብት ፉርጎ አልነበረም፤ ማንም የሚሳፈርበት የሦስተኛ ማዕረግ ባቡር ነበር።

ወረቀቱስ? እያንዳንዱ ሰው 16 ገጽ የንብረት መግለጫ ሞልቷል፣ የውስጥ ልብሱ ሳይቀር። ያን የሚመረምር የፋይናንስ ቢሮ ሠራተኛ አለ። ወንበሩና ድስቱ በሐራጅ ሲሸጥ የሚገዛ ጎረቤት አለ። የባቡር ድርጅቱ ደግሞ ለአንድ ሰው በኪሎ ሜትር 4 ፕፌኒግ (የጀርመን ሳንቲም) ያስከፍል ነበር። ለልጆች ግማሽ ዋጋ። ከ400 ሰው በላይ ከሆነ የቡድን ቅናሽ! ይህን ሂሳብ የሚሠራ ጸሐፊም ደመወዝተኛ ነው፤ ማታ ቤቱ ይገባል። ቅናሽ ያለው ምስጢር የት አገር ነው?

አንድ ጎብኚዬ «አያቴ ባቡር ላይ ይሠሩ ነበር፣ ምንም አያውቁም» ብሎ ድርቅ አለብኝ። የታሪፉን ነገር ስነግረው «እሱማ ሥራቸው ነው» አለኝ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ከመጣችሁ አይቀር ሐዲዱ ላይ ተኝታችሁ ፎቶ አትነሱ፤ የሚያደርጉ አሉ። በፕላትፎርሙ ጠርዝ ያሉትን 186 የብረት ሳህኖች አንብቡ፦ ቀን፣ የሰው ብዛት፣ መነሻና መድረሻ ተጽፎባቸዋል። ትልልቁን ቁጥር ብቻ እያያችሁ አትለፉ። ማርች 27 ቀን 1945 የሚለው 18 ሰው ነው። የሶቪየት ጦር ከበርሊን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቶት ሳለ፣ ለ18 ሰው ጉዞ ያዘጋጀ ሰው ነበረ።