ከስድስት ኪሎ እስከ ስታዲየም፦ የአዲስ አበባ የዘመናችን ሠዓሊያን

የዘመናችንን የኢትዮጵያ ሥዕል ማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በአምስት ኪሎና በአራት ኪሎ በኩል ወደ ስታዲየም ቢወርድ ብዙ ያያል። ሥራቸውን የሚያያቸው ሠዓሊያን ግን አብዛኞቹ አንድ ጊዜ ከአገር ወጥተው ነበር። አንዱ ፓሪስ፣ ሌላው ኮሎኝ፣ ሌላው ሌኒንግራድ። ስማቸው ሲታወስ የኖረው የተማሩትን እንዳለ ይዘው የመጡት አይደሉም። ስማቸው ሲታወስ የኖረው የተማሩትን ከቤት ካወቁት ጋር ያጋጩት ናቸው።

መነሻው አለ ፈለገ ሰላም ናቸው። ቺካጎ ሥነ ጥበብ ተምረው ተመለሱ፤ ወጣቶችን ሰብስበውም ማስተማር ያዙ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ በ1950 ዓ.ም. በይፋ ተከፈተ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ የኅትመት ጥበብና ዲዛይን ያስተምራል። በአገሪቱ ስም ካላቸው ሠዓሊያን ብዙዎቹ በዚያ በር አልፈዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ትምህርት ቤቱን የቀየሩት ግን ሁለት አስተማሪዎች ናቸው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ልጁ ኮሎኝ ሄዶ የጀርመኖቹን ረቂቅ ሥዕል ተማረ። ሲመለስ ሰው መሳይ ነገር የሌለበት ሸራ ለአዲስ አበባ ተመልካች አቀረበ፤ ያኔ ብዙ ሰው ግራ ተጋባ። «ጎልጎታ» የተባለው ሥዕሉ ፊት የቆመ ሰው ግን ቀዩ ቀለም ምን እንደሚል ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ገጣሚም ነበር። በስደት ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ስድስት ኪሎ ያለው በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየም ሥራዎቹን ይዟል። በእኔ ግምት በከተማዋ መሐል አንድ ቦታ ብቻ የማየት ጊዜ ያለው ሰው ወደዚያ ይሂድ።

ሁለተኛው እስክንድር በጎስያን ነው። ለንደንና ፓሪስ ከርሞ መጣና ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ (በፈረንጆቹ) ጥቂት ዓመታት አስተማረ። ፓሪስ ውስጥ ያገኘው ከአውሮፓውያን ሕልም መሰል አሣሣል ጋር የአፍሪካውያንና የካሪቢያን ምሁራንን ስለ ጥቁር ሕዝብ ማንነት የሚደረግ ክርክር ነበር። ይህ ደብተራ ለጥበቃ ወደሚሥለው ጠልሰምና ቆዳ ላይ ወደ መሣል መለሰው። የደብተራ ጥቅልል ላይ የሚታየው ዓይን በእሱ ሸራ ላይ ሰማይ ውስጥ ይንሳፈፋል። ኋላ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ጊዜ አስተማረ፤ ከዚህ የሄዱ ወጣቶችም እዚያ አገኙት። የአራት ኪሎው ልጅ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ አንዱ ነው። እሱ ፊደልን እየሰባበረ፣ እየገለበጠ ሥዕል ያደርጋል። እዚሁ የቀሩት ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ የቀርከሃ ስንጥር ገጣጥመው በላዩ ይሥላሉ።

የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የሚታወቁት በሌላ መንገድ ነው። ለንደን ተምረው መጡና ትልልቅ ሥራዎች ታዘዙ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው ባለቀለም መስታወታቸው 150 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ የአህጉሪቱን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ያሳያል። ትንሽ ስብከት ይበዛበታል የሚል አለ፤ እኔም ከሚሉት ወገን ነኝ። ፀሐይ ሲመታው ግን ክርክሩ ይረሳል።

ከእነዚህ በኋላ የመጡት ዓይናቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። ሌኒንግራድ የተማሩት ታደሰ መስፍን ለዓመታት የሚሥሉት የጉሊት ሴቶችን ነው። ሴቶቹ ረጃጅም ናቸው፣ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ የሚሸጡት ነገር ከእግራቸው ሥር አለ፣ ግን ተጎንብሰው አይታዩም። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ በክፍላቸው ያለፉ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ተስፋዬ ኡርጌሳ ሽቱትጋርት ተጨማሪ ተምሮ፣ ብዙ ዓመት ጀርመን ኖሮ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሊያን ውስጥ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት በቬኒስ ቢናሌ የራሷን የማሳያ ቦታ ስትከፍት ያቀረበችው የእሱን ሥራ ነበር። ሥዕሎቹ ላይ ያሉት ራቁት ገላዎች የተጨናነቁ፣ የሚተያዩና የሚገፋፉ ናቸው። ባዕድ አገር ሰው ሲያፈጥብህ የሚሰማው ስሜት አለባቸው።

ኤልያስ ስሜ ብሩሽ ትቶ መርካቶ ገባ። ከምናለሽ ተራ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ ቁልፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይሰበስባል። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉናል፣ በምስማር ይመታል፣ ፓነል ላይ ይደረድራል። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ የሰው ሁሉ የተጣለ ስልክ ነው። እኛ «ቆራሌው» ብለን የምንሸኘው ዕቃ ውጭ አገር ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ተቃራኒው ጉዞም አለ። አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ አሜሪካ የሄደችው በዓለም የታወቀች ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ እ.ኤ.አ. በ2016 በገብረ ክርስቶስ ሙዚየም ሥራዋን አሳየች። ከዚያ ዓመት በፊት ደግሞ የዴንማርክና የአይስላንድ ተወላጁ የጥበብ ሰው ኦላፉር ኤሊያሰን እዚሁ አሳይቶ ነበር። የአገሬው ተማሪ በኢንተርኔት ብቻ የሚያውቃቸውን ሥራዎች በር ላይ አገኘ።

ቦታው ግን እየጠበበ ነው። ካዛንቺስ የነበረው ፈንዲቃ አዝማሪ ቤትና የሥዕል ማሳያ በአንድ ላይ ነበር፤ ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ እሱም ፈረሰ። መንግሥት የዘመናችንን ሥራ በደንብ ገዝቶ አያከማችም። ገዢው በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ወይም ውጭ የሚኖር ነው፤ ስለዚህ ጥሩ ሥዕል ቶሎ አገር ለቆ ይሄዳል። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን የሚያሳዩት የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ ነው። ዋጋ ሳይወደድ ሥዕል ገዝቶ ቤቱ ማስቀመጥ የሚፈልግ አዲስ አበቤ ያኔ ትምህርት ቤቱ ግቢ ጎራ ቢል፣ ከሠዓሊው ጋር ራሱ ተነጋግሮ መግዛት ይችላል።