ከፍተኛ ጥራት ያላቸውን የድምፅ ዲስኮች ስለመገልበጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሱፐር ኦዲዮ ሲዲዬን ኮምፒውተሬ ላይ ገለበጥኩት።»

አብዛኛውን ጊዜ የተገለበጠው ሌላ ነገር ነው። ሶኒና ፊሊፕስ በ1999 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረቡት ይህ ዲስክ በብዛት የሚሸጠው በሁለት ንብርብር ተሠርቶ ነው፤ አንደኛው ተራ ሲዲ ነው፣ ከፍተኛ ጥራት ያለው ድምፅ ያለው በሌላኛው ላይ ነው። የኮምፒውተር ዲስክ ማንበቢያ የሚያየው የሲዲውን ንብርብር ብቻ ነው። ሶፍትዌሩም ያገኘውን ገልብጦ «ተጠናቅቋል» ይላል፤ ባለቤቱ በእጁ የገባው 16 ቢትና 44.1 ኪሎኸርዝ የሆነ (ሁለቱም ድምፁ ምን ያህል በዝርዝር እንደተመዘገበ የሚያሳዩ መለኪያዎች ናቸው) የተለመደ የሲዲ ድምፅ መሆኑን ሳያውቅ ይደሰታል። ሌላኛውን ንብርብር ለማውጣት ሶፍትዌር መቀያየር አይረዳም፤ የሚያነብ መሣሪያ ያስፈልጋል። የሙዚቃ አፍቃሪዎች ይህን ንብርብር የሚያነቡትን፣ ሶፍትዌራቸው ከ3.55 ስሪት በላይ ያልታደሰ የመጀመሪያዎቹን ፕሌይስቴሽን 3 የጨዋታ መሣሪያዎች እያደኑ የሚገዙት ለዚህ ነው። ጨዋታ አምሯቸው አይደለም!

«ፋይሉን ወደ 192 ኪሎኸርዝ ከፍ አድርጌ ብቀዳው ይጠራል።»

አይጠራም። ቀረጻው ውስጥ ያልነበረ ድምፅ በቁጥር ብዛት አይፈጠርም፤ ዲስኩ ብቻ ቶሎ ይሞላል። ከድሮ ካሴት የተቀዳ ዘፈን ላይ ይህን የሚያደርጉ ሰዎች፣ የካሴቱን ሹክሹክታ በታላቅ ጥንቃቄ እያስቀመጡ ነው።

ዲቪዲ ኦዲዮ (ለከፍተኛ ጥራት ድምፅ የተሠራ የዲቪዲ ዓይነት) የሚያጫውት መሣሪያ ከሌለ በዲስክ ከሲዲ የተሻለ ጥራት ማግኘት አይቻልም የሚለውም የተለመደ ነው። ተራው የዲቪዲ ቪዲዮ ሥርዓት ራሱ 24 ቢትና 96 ኪሎኸርዝ ያልታመቀ ስቴሪዮ ድምፅ ይቀበላል። በዚህ መልክ የሚያዘጋጅ ሶፍትዌር ካለ፣ 4.7 ጊጋባይት በሚይዝ ባዶ ዲቪዲ ላይ የ2 ሰዓት ያህል ሙዚቃ ይገባል፤ ሳሎን ያለው የዲቪዲ ማጫወቻም ያጫውተዋል። አንዳንድ ማጫወቻዎች ግን በዲጂታል መውጫቸው በኩል ወደ 48 ኪሎኸርዝ ዝቅ አድርገው ስለሚልኩት፣ በአናሎግ መውጫው መስማት ይሻላል።

«ዲስክ በዝግታ ሲቀዳ ድምፁ ይሞቃል» ለሚሉም፦ ዲስኩ ያለ ስህተት እስከተነበበ ድረስ ቁጥሮቹ ያው ናቸው። ለፈጣን ቅጂ የተሠሩ ባዶ ዲስኮች ላይ እጅግ ዝቅተኛው ፍጥነት እንዲያውም ስህተት ሊያበዛ ይችላል፤ መካከለኛውን መምረጥ ይበቃል።

የገዙትን ዲስክ ለራስ መገልበጥ የትም ይፈቀዳል ማለትም አይቻልም። በአሜሪካ በ1998 የወጣው ሕግ የዲስክን መቆለፊያ መስበርን ይከለክላል። ብሪታንያ በ2014 ለግል መገልበጥን ፈቅዳ ነበር፤ በዓመቱ ፍርድ ቤት ሻረው።