በሊኑክስና መሰል ሲስተሞች ላይ የዳያል አፕ ኢንተርኔት አዘረጋግ

ዳያል አፕ ኮምፒውተርን በተራ የስልክ መስመር ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኝ ዘዴ ነው። ዳታን ወደ ድምፅ የሚለውጠው መሣሪያ፣ ሞደሙ፣ ወደ አገልግሎት ሰጪው ይደውላል፤ እዚያ ያለው ሞደም ያነሳል፤ ከዚያ ዳታው በድምፅ ሞገድ መልክ ይመላለሳል። በሊኑክስ ወይም በፍሪቢኤስዲ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ይህን ማስተካከል ፈተና ነው ሲባል ኖሯል። በእኔ እምነት ትልቁ ጥቅሙም እዚሁ ላይ ነው። ስራው ለትንንሽ ፕሮግራሞች ስለተከፋፈለ፣ ችግር ሲፈጠር የቱ ጋ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ይቻላል።

መነሻው ሞደሙ ነው። በሲሪያል ገመድ ከውጭ የሚሰካው ዓይነት ብዙም አያስቸግርም። ዶስና ዊንዶውስ ኮም1 የሚሉትን ፖርት ሊኑክስ ቲቲዋይኤስ0 ይለዋል። ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር ኮም2 ቲቲዋይኤስ1 ይሆናል። ራስ ምታት የሚሆነው ዊንሞደም የሚባለው ርካሽ የውስጥ ካርድ ነው። አብዛኛውን ስራ ለኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ስለሚተው ያለ ልዩ ድራይቨር አይሰራም። አምራቾቹ ደግሞ ድራይቨሩን ብዙ ጊዜ ለዊንዶውስ ብቻ ነበር የሚያወጡት። ምርጫ ካለ የውጭውን መያዝ ነው።

ሞደሙ ደህና መሆኑን ለማየት ሚኒኮም የሚባለው ፕሮግራም ይበቃል። ኤቲ ብለው ሲጽፉለት ኦኬ ብሎ ከመለሰ ሞደሙም ገመዱም ይሰራሉ። ይህ የትዕዛዝ ቋንቋ የመጣው ሄይስ ኩባንያ በ1981 ካወጣው ስማርትሞደም ነው። ኤቲዲቲ ከስልክ ቁጥር ጋር ሲጻፍ በቶን ይደውላል፤ ኤቲዲፒ ደግሞ በፐልስ ብቻ ለሚሰሩ አሮጌ የስልክ ማዞሪያዎች ነው። ሞደሙ ጭራሽ ካልተከፈተ ፈቃዱን ማየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ በዴቢያን ተጠቃሚው ዳያልአውት የሚባለው ቡድን አባል መሆን አለበት።

በየጊዜው እየጻፉ መደወል ስለማያዋጣ ቻት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይተካል። የሚጠብቀውን መልስና የሚልከውን ትዕዛዝ በተራ ይዘረዝሩለታል። ኮኔክት የሚል መልስ ሲያገኝ ስራው አለቀ። መስመሩ ከተያዘ ወይም ከተቋረጠ ወዲያው እንዲያቆምም ማዘዝ ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ተራው የፒፒፒዲ ነው። ፒፒፒ የሚባለውን ፕሮቶኮል የሚያስኬደው እሱ ሲሆን፣ ፕሮቶኮሉ ከእሱ በፊት የነበረውን ስሊፕ ተክቷል። ሁለቱ ጫፎች መጀመሪያ በመስመሩ አጠቃቀም ይስማማሉ። ቀጥሎ የይለፍ ቃል ይጣራል፤ በመጨረሻ ኮምፒውተሩ የአይፒ አድራሻ ይቀበላል። ማጣሪያው ፓፕ ወይም ቻፕ ነው። ፓፕ የይለፍ ቃሉን እንዳለ ይልካል፤ ቻፕ ግን ቃሉን ሳይልክ ማወቁን ብቻ ያረጋግጣል፣ ስለዚህ ይሻላል። የይለፍ ቃሉ ያለበትን ፋይል ከሩት (ከሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ) በቀር ማንም እንዳያነበው አድርጎ መዝጋት ግዴታ ነው። ዲበግ የሚለው የፒፒፒዲ አማራጭ ከተጨመረ እያንዳንዱ የድርድር እርምጃ በሎግ ላይ ይሰፍራል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን ግንኙነቱ ከተሳካ በኋላ ነው። አድራሻ መጥቷል፣ ድረ ገጽ ግን አይከፈትም። ያኔ በአይፒ ቁጥር ፒንግ ማድረግ (መልስ የሚጠይቅ ትንሽ መልእክት መላክ) ነው። በቁጥር መልስ ከመጣና በስም ካልመጣ የጎደለው ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው፤ ዩዝፒርዲኤንኤስ የሚለው የፒፒፒዲ አማራጭ ይፈታዋል። በቁጥርም ካልመጣ ነባሪው መንገድ (ዳታ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት) ይታይ። ከኔትወርክ ካርድ የቀረ ነባሪ መንገድ ካለ ፒፒፒዲ በራሱ አይተካውም።

ከመስመሩ ብዙ አይጠበቅም። ቪ.90 የተባለው ስታንዳርድ ወደ ኮምፒውተሩ ቢበዛ በሰከንድ 56 ኪሎቢት፣ ወደ ውጭ 33.6 ይፈቅዳል። በሞደሙና በኮምፒውተሩ መካከል ያለው ፍጥነት ግን 115,200 ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሞደሙ የታመቀ ዳታ ስለሚፈታ ከመስመሩ የበለጠ ይፈጥናል። የስልክ ሂሳብ በደቂቃ ለሚቆጠርበት ሰው አይድል የሚለው የፒፒፒዲ አማራጭ ትልቅ እርዳታ ነው። ለተወሰኑ ሰከንዶች ምንም ዳታ ካላለፈ መስመሩን ራሱ ይዘጋዋል።